ኮሜዲ ውስጥ ሰው አይሞትም

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፣ ሳን ሆዜ፤

የአምላክ ቸርነት ከአንቺና ከልጅሽ ከሐሴት አይለይ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ አሁን ጨርሶ ተዘግቷል፤ የቤቴ በር ሲንኳኳ የማውቀው የጎረቤቴ ልጅ ሳሌም በመስኮት እጇን ስታውለበልብልኝ ነው። ስለዚህ ስልክ ለእኔ የኪስ ክብደት ሆኖ ቀርቷል። ሳሌም በቴሌግራም ልጻፍልዎት ትለኛለች፤ እኔ ግን የቤተሰብ ምስጢር በሌላ ሰው አውራ ጣት ሲጻፍ አልወድም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ካስተማርሁ በኋላ ቢጫ ፊት መላክ ልጀምር? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ቤት ሁለቱም አሉ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ ወንጌላዊት የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ እዚያው ኦክላንድ ነው የምትኖረው። አብሮ ያለው ወፍራም ፖስታ የልጄ የደግነት ነው። አሁን የወደብ ኮንቴይነር ሲጎትት ቢውልም፣ አገር ቤት ሳለ በቴአትር ክበቤ ውስጥ አሽከር ሆኖ እንደ እሱ የሚጫወት አልነበረም። ለኦክላንድ ወገኖቻችን አንድ ቀን አዘጋጅቼ አሳያለሁ ስላለኝ፣ ከአምና ጀምሮ አንድ ኮሜዲ እየተረጎምሁለት ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በኢጣሊያ፣ በሬኔሳንስ ዘመን የተጻፈ ነው። መጽሐፉ ሽፋኑ ስለተገነጠለ የደራሲውን ስም አላውቅም፤ እሱም የእኔን አያውቅም፤ ተቻችለን እንኖራለን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ልጁ በባሕር ላይ የጠፋበት አንድ ሀብታም ሽማግሌ አለ። ሽማግሌው በሐዘን እንዳይሞት አሽከሩ በልጁ ስም ደብዳቤ እየጻፈ ያነብለታል። ልጁ ግን በሕይወት አለ፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ስሙን ለውጦ ወጥ ቤት ተቀጥሯል። አንድ ቀን ደብዳቤውና ልጁ በአንድ ሰዓት በሩ ላይ ይገናኛሉ። ሽማግሌው ሁለቱንም ያይና የደብዳቤውን ልጅ ይመርጣል፤ የበለጠ ጨዋ ነዋ። እዚህ ቦታ ስደርስ ብቻዬን በጣም ከመሳቄ የተነሣ ሳሌም የታመምሁ መስሏት ሮጣ መጣች። ባለቤቴ ፋንታዬ ካረፈች ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ወር አልፏል፤ ደግነት እናቱ መሞቷን እስከ ዛሬ አያውቅም። ጾሙን በሰላም ይጨርስ ብዬ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። አሁን ፋሲካ እንዳለፈ ይነገረው። መርዶ በወረቀትም በስልክም እንደማይነገር አንቺም በዚሁ ወግ ያደግሽ ነሽና ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካህን ተይዞ፣ ማለዳ ከቤቱ ሳይወጣ ተደርሶ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው። እዚያ አገር ካለው ሰው ሁሉ ለእሱ የምትቀርቢው አንቺ ነሽ፤ የአክስቴ ልጅ የዘነቡ ልጅ። እስከዚያ ድረስ እኔ በምልክለት ሁሉ እናቱ በሕይወት አለች።

ከየካቲት ወዲህ ግን መልስ ጽፎልኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ አጣርተሽ ጻፊልኝ።

ጋሼ ገዛኸኝ


ሳን ሆዜ፣ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገዛኸኝ፤

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የምሠራበት ሆስፒታል ፓሎ አልቶ ነው፤ ሰው ስላጠረ ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ ደርቤ እሠራለሁ። ሕመምተኛ ከክፍል ወደ ክፍል ስገፋ እውልና ቤቴ ስገባ እግሬ የእኔ አይደለም።

ደግነትን አግኝቼዋለሁ። ደህና ነው። ትንሽ ከስቷል እንጂ ደህና ነው። ከነበረበት ቤት ለቋል፤ አዲሱ አድራሻው ገና ስላልተረጋጋ ደብዳቤዎን በእኔ በኩል ቢልኩለት ይሻላል። ኮሜዲውን ሰጥቼዋለሁ፤ ተቀብሎኛል። ስለ መርዶው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረን፣ ሥራውም ቤቱም እስኪደላደል ትንሽ ብንቆይ ተባብለናል። አይጨነቁ፣ ደህና ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ለጊዜው ለእሱ ሲጽፉ ስለ እትዬ ፋንታዬ ምንም ባያነሡ። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ሐሴት በትምህርት ቤቷ ስለ ሬኔሳንስ ኮሜዲ ጻፉ ተብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትነጫነጭ ከረመች። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ይህን የሚያውቅ ዘመድ አለኝ ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት። አማርኛው አይወጣላትም እንጂ ጥያቄዋ ይህ ነው፦ በእነዚያ ድራማዎች ውስጥ ሰው ባርኔጣ ስለለወጠ ብቻ የወለደው አባቱ እንኳ የማያውቀው ለምንድን ነው? እንዴት ሁሉም ሰው እንዲህ ሞኝ ይሆናል ትላለች።

የማንበቢያ መነጽር በሰው ልኬልዎታለሁ። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ ሀረገወይን


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፤

ፍልሰታን በሰላም ያስጨርስሽ። መነጽሩ ደርሶኛል፤ የማልሰማውን ሁሉ አሁን አጥርቼ አያለሁ።

ለሐሴት እንዲህ በያት። እነዚያ ደራሲዎች የተማሩት ሰውን የነገር ሁሉ መሃል አድርገው በሚያስቡ ሊቃውንት ዘንድ ነው። ሊቃውንቱ ሰው ተወልዶ አላለቀም፣ በትምህርትና በንግግር ራሱን ይሠራል ብለው ያምኑ ነበር። ትልቅ ሐሳብ ነው፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ጠመኔ እየሰበርሁ ይህንኑ አስተምሬያለሁ። የኮሜዲ ደራሲው ግን ከክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ራሱን መሥራት የሚችል ሰውማ ራሱን ሌላ ሰው አድርጎም ይሠራል አላቸው። አሽከሩ የጌታውን ካባ ሲደርብ ጌታ ሆነ። በላቲን የሚፎክረው የሕግ ሊቅ ካባውን ሲያወልቅ ምንም ሆነ። አባት ልጁን በባርኔጣ የማያውቀው ባርኔጣው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። አባት ድሮም የሚያየው ልጁን ሳይሆን ልጄ እንዲህ ያለ ነው ብሎ በልቡ የያዘውን ሥዕል ነው። ሕዝቡ በሽማግሌው ይስቃል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ በራሱ እንደሳቀ ይገባዋል። ሊቃውንቱ ይህን ሳቅ እንደ መድኃኒት ይቆጥሩት ነበር። በዚያ ዓለም ውሸት ማንንም አይገድልም። አምስተኛው ገቢር ላይ ሁሉም ጭምብሉን ያወልቃል፣ አባትና ልጅ ይተቃቀፋሉ፣ እራት ይቀርባል።

አሁን ደግሞ የአንቺን ኮሜዲ ልመርምር። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ደህና ነው ብለሻል። የተማሪ ሰበብ ስሰማ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሦስት ጊዜ ደህና የተባለ ሰው ደህና አይደለም። አድራሻው አልተረጋጋም ትያለሽ። አድራሻ ምን ሆኖ ነው የማይረጋጋው? ስለ እናቱ አይጻፉ ማለትሽም አልገባኝም፤ ድንገት ዝም ብል አይጠረጥርም?

ታስሮ ከሆነ ንገሪኝ። ታሞ ከሆነ ንገሪኝ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል፣ ብዙ የማደር ጊዜ የለኝም።

ጋሼ ገዛኸኝ


ሳን ሆዜ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ገዛኸኝ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረስዎት። ይህን ከምጽፍልዎት ሳልጽፍ ብቀር ይቀለኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን አልዋሽዎትም።

ደግነት ቤት የለውም። የጭነት መኪና መንዳቱን በመጋቢት ተወ። ኦክላንድ ተከራይቶት የነበረውን ክፍል ለቆ፣ ወደቡ አጠገብ ፍሪዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ድልድይ ሥር በገዛ መኪናው ውስጥ ይኖራል። ዙሪያውን ድንኳን የተከሉ ሰዎች አሉ። ይህን ያወቅኩት በሰኔ ነው። ደህና ነው ብዬ የጻፍኩልዎት እዚያ ሄጄ ባየሁት ማግስት ነው።

ሌላም አለ። እናቱ ማረፋቸውን ያውቃል። ከጥር ጀምሮ ያውቃል። ስለ እሳቸው አያንሡ ብዬ የለመንኩዎት ለዚህ ነበር። አባተ የሚባል የሥራ ጓደኛው ወሬውን ቤተ ክርስቲያን ሰምቶ፣ ልጁማ ተረድቷል ብሎ አሰበ። ወደብ በር ላይ ለኮንቴይነር ተሰልፈው ሳሉ መኪናውን አስጠግቶ በመስኮት የእናትህን ነፍስ ይማር፣ አንተንም ያጽናህ አለው። ደግነት አሜን ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እሱም ተንቀሳቀሰ፤ ያን ቀን ኮንቴይነሩን ጭኖ፣ አድርሶ ነው የገባው። አባተ ምን እንዳደረገ ያወቀው ባለፈው እኔ ስነግረው ነው። ደግ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምግብ ያደርስለታል፣ ይህን የሚያህል ሰው እንደ ልጅ ያለቅሳል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይህ አይደለም። ባለፈው እሑድ ከሐሴት ጋር ብርድ ልብስ ይዘንለት ሄድን። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«ማዘርኮ ትጽፍልኛለች» አለኝ።

«መቼ ነው የጻፈችልህ?»

«ከሞተች በኋላ። ሦስቴ። እዚያም ሆና ሹራብ ደርብ ትለኛለች።»

ይህን ብሎ ሳቀ። ደብዳቤዎቹ መኪናው ውስጥ እንዳሉ፣ ለማንም እንደማያሳይ ነገረኝ። ስንመለስ ሐሴት ከኋላ ወንበር ሆና «ማሚ፣ ጀስት አስክ ሂም ቱ ሾው ዩ» አለችኝ፤ እንዲያሳይሽ ጠይቂው ማለቷ ነው። የታመመ ሰው አይፈተንም ብዬ ተቆጣኋት።

ሥራ ቦታ ያሉ ነርሶችን አማከርኩ። ስልክ ቢደወል ፖሊሶች መጥተው ወደ አእምሮ ሐኪም እንደሚወስዱት፣ ሕጉም ሦስት ቀን አቆይተው እንዲያዩት እንደሚፈቅድ ነገሩኝ። ጋሼ፣ በዘራችን እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ? ፈቃድዎን እጠብቃለሁ። ብርዱ ግን እየመጣ ነው።

ልጅዎ ሀረገወይን


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀረግ፤

ሰላምታ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ማንንም አትጥሪበት። አላበደም። ደብዳቤዎቹ አሉ። የጻፍኋቸው እኔ ነኝ።

ፋንታዬ መጻፍ አታውቅም ነበር። ደግነት ከሄደ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ትናገራለች፣ እኔ በእሷ ስም እጽፋለሁ። አንድ ቃል ላሳምርላት ካልሁ እንዲህ አላልሁም ብላ ታስደልዘኛለች። ከቀብሯ በኋላ ልጁ እንዳይጠረጥር ብዬ ወረቀት ዘረጋሁ፤ ድምጿ እንዳለ መጣልኝ። ሹራብ ደርብ። ጾም አትግደፍ። በፍሪዌይ አትክነፍ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ጽፌ እስክጨርስ ድረስ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሆነን ነበር። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የጻፍሁት ለልጄ ብዬ ብቻ አይደለም።

በጥር መጨረሻ በሳሌም ስልክ ማዘርን በቪዲዮ አሳዩኝ የሚል መልእክት ልኮ ነበር። ናፍቆት መሰለኝ። አሁን ቀኑን ስቆጥረው አባተ የነገረው ያን ሳምንት ነው። ልጄ እውነቱን እንድነግረው በር ከፍቶልኝ ነበር። እኔ የአምናውን የገና ቪዲዮ አስላክሁለት። እጇን እያውለበለበች ትስቃለች።

እነዚያ የሬኔሳንስ ሊቃውንት ከሞቱ ከሺህ ዓመት በላይ ለሆናቸው ደራሲዎች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ወዳጄ ሆይ ብለው ጀምረው የዘመናቸውን ወሬ ያጫውቷቸው ነበር። ተማሪዎቼን በዚህ አስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ገልብጬ የሞተ ሰው ለሕያው እንዲጽፍ አደረግሁ። ኮሜዲ ውስጥ ሰው አይሞትም፣ ሀረግ። ውጭ ወረርሽኝ ከተማውን ሲፈጅ እንኳ መድረኩ ላይ ሬሳ አያወጡም ነበር። ውሸቱ የሚያስቀው ለዚያ ነው፤ የተደበቀው ሁሉ በሕይወት ስላለ ሲገለጥ እልልታ ይሆናል። እኔ ሬሳ ደብቄ እልልታውን ጠበቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርሁት ነገር እኔን አልገባኝም ነበር።

ለደግነት የጻፍሁት ሌላ ደብዳቤ አብሮ አለ። እናቱ በምን እንደሞተች፣ የት እንደተቀበረች፣ ደብዳቤዎቹን ማን እንደጻፈ፣ ሁሉንም አልሁት። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በለኝ አልሁት። ይህን ቃል ለተማሪም፣ ለሚስትም፣ ለልጅም ተናግሬው አላውቅም፤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። በገዛ እጅሽ ስጪው።

ገዛኸኝ


ሳን ሆዜ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ገዛኸኝ፤

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎት። ለእኔም ይስጠኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በኅዳር መጨረሻ ነው። እኔ ከዚያ ቀድሜ ብርዱ ሲጠና ደውዬ ነበር። መጡና እጁን አስረው ወሰዱት። አልታገለም፤ እኔን ብቻ አየኝ። ሐኪሟ ጥያቄ ስትጠይቀው እናቴ ከሞተች በኋላ ደብዳቤ ትጽፍልኛለች አላት። በስልክ የተገኘው አስተርጓሚ በትክክል ተረጎመው፣ እሷም እንደሰማችው መዘገበችው። ወረቀቶቹን ከደረቱ አውጥቶ አሳያት። አስተርጓሚው በስልክ ስለሆነ አያያቸውም፤ እሷ አማርኛ አታነብም። ማንበብ የምችለው እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ገብቼ ላንብብልሽ አላልኳትም። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅርታ ሲጠይቁ ሳነብ የእኔ ኃጢአት ከእርስዎ እንደማያንስ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን መድኃኒት ጽፈውለት ለቀቁት። ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ። መድኃኒቱን አልወሰደውም።

የእርስዎን ደብዳቤ እንዳገኘሁ ወደ ኦክላንድ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጣጥፎ መለሰልኝ።

«ማነው የጻፈው?»

«አባትህ ናቸዋ።»

«ፋዘር ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም። ይሄን ሌላ ሰው ነው የጻፈው። እሱም አርፏል ማለት ነው።»

በልጄ ማልኩለት። አላመነኝም። በማግስቱ በሳሌም ስልክ በቪዲዮ ያገናኘኋችሁ ለዚህ ነበር። እርስዎ ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱ እሱ ስልኩን ተቀብሎኝ፣ ክበቡ ውስጥ መጀመሪያ የተጫወትኩት ምን ነበር ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎ አይሰሙም፤ ስሙን መጥራት ቀጠሉ። እንደገና ጠየቀዎት። ሳሌም ጥያቄውን በወረቀት ጽፋ ልታሳይዎት ስትሮጥ መስመሩ ተቋረጠ። ደግነት ስልኩን መለሰልኝና «እናቴንም እንዲህ አሳይተውኛል፤ ሲያወሯት አትመልስም» አለኝ። በዚያን ዕለት ደስ ብሎታል ብዬ በሳሌም በኩል ያስላክኩልዎት ውሸት ነው። ይህ የመጨረሻዬ ነው።

አሁን ራሱን ተላጭቷል። ጥቁር ሹራብ ለብሶ መኪናው አጠገብ ካርቶን ዘርግቶ ተቀምጧል። በድንኳኖቹ የሚኖሩት ሰዎች አባቱ እንደሞተ ሰምተው ውሃና ብስኩት አምጥተውለታል፤ ከእኛ ሰው ግን ማንም አልደረሰውም፣ ሁላችንም እርስዎ በሕይወት መኖርዎን እናውቃለንና። አባተ መጥቶ ያየውና ቃል ሳይናገር ይመለሳል፤ ነፍስ ይማር የምትለዋን ቃል ዳግም ከአፌ አላወጣትም ብሎ ምሏል። አገር ቤት ልውሰድህ ብለው ማን ጋ አለኝ።

ምን ላድርግ ጋሼ? እኔ መላ ጠፍቶኛል።

ልጅዎ ሀረገወይን


አዲስ አበባ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፤

እግዚአብሔር ይፍታሽ። እኔም ፈትቼሻለሁ፤ ባልሁት ወግ ስትሄጂ ነው የወደቅሽው።

የፋንታዬን ሙት ዓመት በወሩ መጀመሪያ ዘከርሁ። ካህናቱ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ አፋቸውን ብቻ ሳይ ዋልሁ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብሁ ተናደድሁ። ሕያው መሆኔን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፍሁና ቀደድሁት። የመጀመሪያ ተውኔቱን፣ ያደናቀፈውን ደረጃ፣ እኛ ሁለታችን ብቻ የምናውቀውን ሁሉ አድርጌ ሌላ ጻፍሁ። ይህማ ያሳምነዋል ብዬ ፖስታ ውስጥ ከከተትሁት በኋላ፣ የእናቱንም ደብዳቤ ያሳመርሁት በእነዚያው ነገሮች እንደነበር ትዝ አለኝ። እሱንም ቀደድሁት። መጥቼ እንዳልይዘው ሐኪሜ ልቤ አውሮፕላን እንደማይችል ነግሮኛል። ብጽፍ ሐሰተኛ ነኝ፤ ብታይ ቪዲዮ ነኝ። ከልጄ ጋር የምነጋገርበትን መንገድ ሁሉ በገዛ እጄ ዘጋሁት፣ ሀረግ። ይህን ለአንቺ ስጽፍ እያለቀስሁ ነው።

ስለዚህ ልጄ ሞቷል ካለኝ ሞቻለሁ።

ነገር ግን ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። የእናቱን መርዶ በሰልፍ መሃል፣ በመኪና መስኮት ሰማው። የእኔን እንደዚያ አይስማ። ብቻውንም ካርቶን ላይ አያልቅሰኝ። ሽማግሌዎቹን ሰብስቢ፣ አባተንና ሾፌሮቹን ጥሪ። ማለዳ ሂዱና መኪናውን አንኳኩ። ስሜን ጠርተሽ አባትህ አረፈ በይው፣ ግራና ቀኝ ይዛችሁ አልቅሱ። አባተ ነፍስ ይማር የምትለዋን ቃል አሁን ይናገራት፤ በዚህ ጊዜ ተገቢ ናት። ካህኑ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አላደርስም ይሉሻል፤ እውነታቸውን ነው። ለፋንታዬ ያድርሱ፤ እሷንም በወጉ አላለቀሰላትም።

ከዚያ ወደ ቤትሽ ውሰጂው። እብድ ነህ ስትሉት በገመድ ወሰዳችሁት፤ ሐዘንተኛ ነህ ካላችሁት በእግሩ ይመጣ ይሆናል። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፣ ሐዘንተኛ ብላ ሲሉት ይበላል። ስንት ቀን እንደሚቆይልሽ አላውቅም። ይድናል ብዬም አይደለም። ሳምንት ጣሪያ ሥር ቢተኛ ከዚያ በላይ የምጠብቀው የለኝም።

እኔ ከእንግዲህ አልጽፍለትም፤ ለአንቺም አልጽፍም። በእውነት የሞትሁ ቀን ለሳሌም ወደ አሜሪካ ምንም እንዳትልክ ነግሬያታለሁ። አንዴ ያለቀሰልኝን ልጅ እንደገና ማስለቀስ አልፈልግም። አንቺም መርዶውን ካረዳችሁት ቀን ወዲህ ስለ እኔ እንዴት ነው ብለሽ አታጠያይቂ፤ መልሱን ስታውቂ ፊትሽ ላይ ያየዋል።

ይህን ወረቀት እንዳነበብሽው ቅደጂው። እሱ ቤትሽ ሊመጣ ነው፤ እንዳያገኘው።